ውሃ ብቻ ነው

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከሥላሴ ሥዕል ቀጥሎ፣ በመስታወት የተከደነ የምስጋና ወረቀት ለዓመታት ተሰቅሎ ኖሯል። እሠራበት የነበረው የጭነት መርከብ ካፒቴን ፈርሞ የሰጠኝ ነው። መርከቧን ከባሕር ወንበዴዎች በጀግንነት መከላከሌን ይመሰክራል። የሰቀለችው ባለቤቴ ናት። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከገባን ወዲህ አራት ቤት ቀይረናል፤ በአራቱም ቤት መጀመሪያ ከካርቶን የሚወጣው እሱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ወደ ወረቀቱ እያሳየች «ወንበዴ ያባረረ ባል አለኝ፤ እኔን ግን ይፈራል» ትላለች። እንግዳው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኔን የወሰደኝ እንዲያ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ልጃችን ከግሌንዴል ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ዴንቨር ውስጥ ነርስ ናት። ለሠላሳኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችን ክሩዝ ቡክ እንዳደረገችልን ነገረችን። መርከቡ ከዱባይ ተነሥቶ፣ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ፣ በቀይ ባሕር ወደ ግብፅ ይወጣል። ካርታውን አሳየችን።

ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ ጣቷን በካርታው ላይ ጎተተች፣ ከዚያ በሶማሌና በየመን መካከል አቆመችው። ታናሽ ወንድሟ የጠፋው እዚያ ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ ዓረብ አገር ሲወጣ፣ ከቦሳሶ ደውሎ «ነገ በጀልባ እንሻገራለን» አላት፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም። ሞተ የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ለቤተ ክርስቲያን ስሙን የምትሰጠው ለመንገደኞች በሚደረገው ጸሎት ውስጥ እንዲገባ ነው። ልጁ በዚህ ሁሉ ዓመት ገና መንገድ ላይ ነው።

«ያንን ውሃ አንድ ጊዜ በዓይኔ ልየው» አለች። «ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ወንበዴ አለ እኮ በዚያ» አልኩ።

ልጄ ሳቀችብኝ። «አባዬ፣ አንተ ነህ ፓይሬት የምትፈራው?» አለችና ወደ ግድግዳው ተመለከተች። ከዚያ የመርከቡን የደኅንነት መመሪያ ከፍታ እያነበበች በአማርኛ ትነግረን ጀመር። የታጠቁ ጠባቂዎች አብረው ይሳፈራሉ። ተሳፋሪው አስቀድሞ ድሪል ይሠራል፤ ማስጠንቀቂያው ሲሰማ ከክፍሉ ወጥቶ፣ ከመስኮት ርቆ፣ ኮሪደር ላይ መሬት ይቀመጣል።

«መሬት ከተቀመጥኩ ማን ሊያነሣኝ ነው፣ በዚህ ጉልበቴ?» አለች እናቷ።

«አባዬ ያነሣሻል። ደግሞ ትንሽ ጀልባ ቢጠጋ እንኳ በጠመንጃ ሹት አያደርጉም። በትልቁ የእሳት ማጥፊያ ጎማ ስፕሬይ ያደርጉታል፣ ይሄዳል። ወተር ብቻ ነው።»

ባለቤቴ ትንፋሿ መለስ አለ። «ውሃ ብቻ ነው? ተመስገን። ውሃ ማንን ጎድቶ ያውቃል።»

ሺፍት አለብኝ ብዬ ወጣሁ። የምነዳው የአንድ ሆቴል እንግዳ ማመላለሻ ሻትል ነው፤ ያን ቀን ግን ሺፍት አልነበረኝም። ፓርኪንጉ ላይ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ መሪውን ይዤ ቆየሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ምክንያት ስፈለፍል ሰነበትኩ። ሙቀቱ፣ የእሷ ጉልበት፣ የእኔ ደም ግፊት። ሐሙስ ጠዋት ሎውሪ ሰፈር፣ ባለቤቴ የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ በር ላይ ፓርክ ሳደርግ፣ አልወርድም አለችኝ።

«ወንበዴ ፈርተህ አይደለም» አለች። «አንተን አላውቅህም እንዴ? ንገረኝ።»

ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩትን ነገር ያን ጠዋት ነገርኳት።

የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ስናቋርጥ ጠራራ ፀሐይ ነበር፣ ባሕሩም ጸጥ ያለ። አንዲት ጀልባ ከኋላችን ብቅ አለች ተባለና ደወል ተደወለ። ከመርከበኞቹ አበሻ እኔ ብቻ ነኝ። የኋለኛው የእሳት ማጥፊያ ጎማ የእኔ ድርሻ ነበር፤ የዚያ ግፊት ጎረምሳ ይጥላል። ጀልባዋ ስትቀርብ ሰዎቹ ተጨናንቀው ቆመው ቢጫ ጄሪካን ወደ ላይ ሲያነሡ አየሁ። አጠገቤ የቆመው መኮንን «ነዳጅ ነው፤ ወንበዴዎች ትርፍ ነዳጅ ይይዛሉ» አለ። እነሱ ግን ጄሪካኑን ዘቅዝቀው ነበር የያዙት። አፉ ወደ ታች ሆኖ ጠብ የሚል ነገር የለውም። በቧንቧ ወረፋ ያደገ ሰው ባዶ ጄሪካን ዘቅዝቀው ሲያሳዩት አይገባውም?

መኮንኑ ክፈት አለኝ፣ ከፈትኩ። በጎማው ጩኸት መሐል አንድ ቃል ደጋግሞ መጣ። «ውሃ! ውሃ!» በአማርኛ። ለመኑኝ፤ እኔም ሰጠኋቸው፣ የባሕሩን፣ ከነጨዉ፣ ፊታቸው ላይ።

«ውሃ ነው የሚሉት» ብሎ ለመኮንኑ መናገር ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ምንም። ግን ቋንቋቸውን እንደማውቅ ቢሰማ ከእነሱ ጋር የመከርኩ እንዳይመስለው ፈራሁ፣ እንጀራዬንም ፈራሁ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም። ሰዎቹ ውሃውን ሽሽት ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሲሸሹ ጀልባዋ አዘመመች። መርከባችን ፍጥነት ጨመረ። መጨረሻዋን አላየሁም፤ እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ዞሬ አላየሁም። ማታ ለእያንዳንዳችን ቢራ ታደለ፣ ወደብ ስንደርስ ደግሞ ወረቀቱ መጣ።

ከዚያ ጉዞ አዲስ አበባ ስመለስ ባለቤቴን ስልክ ታቅፋ አገኘኋት። ወንድሟ መሄዱን የሰማሁት ያኔ ነው። ባሕር በቃኝ አልኩ። እሷ ናፍቃኝ የተውኩት መሰላት፤ ደስ ብሏት ወረቀቱን መስታወት አስገብታ ሰቀለችው።

ይህን ሁሉ ስነግራት ፊት ለፊቷን እያየች ነበር። ስጨርስ «ወሩ ምን ነበር?» አለች።

«ግንቦት። መጀመሪያው ላይ።»

እሱ የደወለው ሚያዝያ ሠላሳ ነው። ሁለታችንም እናውቃለን። በዚያ ባሕር ስንት ጀልባ ያልፋል እንድትለኝ ጠበቅሁ። አላለችም። እኔም ለራሴ ስንት ዓመት ብዬው አልጠቀመኝም።

«ውሃ ሲሉ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከሰማህ በኋላ ዘጋኸው?»

«አልዘጋሁትም።»

የሥራ ባጇን አንገቷ ላይ አስተካክላ ወረደች። ያን ቀን እንደ ሌላው ቀን ሁሉ የሰው አባትና እናት ገላ ስታጥብ ዋለች። ማታ መልሼ ወሰድኳት፤ ቤት ስንገባ ወረቀቱን ከነመስታወቱ አውርዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጋ መሬት ላይ አቆመችው። እኔ ነኝ ወደ ቆሻሻው የወሰድኩት። ልጃችን ክሩዙን ካንስል አደረገች፤ ለእሷ የነገርናት የእናቷን ጉልበት ነው።

በቀጣዩ እሑድ ቅዳሴው ሲያበቃ ባለቤቴ ቄሱ ዘንድ ሄደች። እኔ ጫማዬን እያደረግሁ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ፣ ይሰማኛል። የወንድሟን የክርስትና ስም ተናገረች። «ለመንገደኞች ነው፣ እንደ ወትሮው?» አሏት። «አይደለም አባ፣ ፍትሐት ይደረግለት» አለች። ከእኔ አፍ የወጣ ነገር ወንድሟን ገደለባት፤ ለሁለተኛ ጊዜ ይሁን ለመጀመሪያ፣ አላውቅም።

ተዝካሩን ያወጣነው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው። ወጣቶቹ እጃቸውን ቧንቧ ላይ ታጥበው መጡ፤ ለአረጋውያኑ ግን እንደ አገር ቤት እየዞሩ ማስታጠብ አለ። ባለቤቴ ከኩሽና ጆግና ማስታጠቢያ ይዛ ወጣችና ወጣቶቹን ሁሉ አልፋ እኔ ፊት ቆመች።

«አንተ አስታጥብ» አለችኝ። ከሐሙሱ ወዲህ ከቤት ጉዳይ ውጭ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ከመጀመሪያው ወንበር ጀመርኩ። ሽማግሌዎቹ «ኧረ ነውር ነው፣ ልጆች እያሉ የቤቱ አባወራ?» እያሉ ሊነሡ ሲሉ፣ እሷ ከወዲያ ጥግ «ተዉት፣ እሱ ያስታጥብ» አለች። እጃቸውን ዘረጉ። የአንዱን እጅ ጨርሼ ወደ ሌላው ሳልፍ ጆጉ እየቀለለኝ ሄደ።

ከጥጉ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አጣጥበው «በቃኝ ልጄ» አሉኝ።

ወዲያው ጆጉን ቀና አደረግሁት፤ ውሃው ቆመ። ባለቤቴ እያየችኝ ነበር።