ወይዘሪት አላውቅም

ቀናተኛ መሆኔን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። የሞባይል ሠሪዋን ታሪክ የምጽፈው ስለምወዳት አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ መስታወት ማዶ ለማዶ ተቀምጠን ስንሠራ፣ እንደ እኔ እንደ ሰዓት ሠሪው በክፉ ዓይን ያያት የለም፤ በክፉ ዓይን የሚያይ ሰው ደግሞ ምንም አያመልጠውም። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይባል የለ? የእሷ ጸሎት ተሰምቷል።

እሷ ከመምጣቷ በፊት ሱቁ የእኔ ብቻ ነበር። ከደጃፉ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ጡረታ የወጣው ፖስተኛ፣ ተራውን የሚጠብቀው የታክሲ ሹፌር፣ ከፋርማሲው የሚመለሰው ሁሉ እዚያ ላይ አረፍ ይላል፤ አረፍ ያለ ሁሉ ደግሞ ይከራከራል። ጨረቃ ላይ ውሃ አለ የለም፤ የስልክ ማማ ራስ ምታት ያመጣል አያመጣም፤ «ኮምፒውተር» የሚለውን ቃል እንዳለ እንውሰደው ወይስ የራሳችንን እንፍጠርለት፤ ከንቲባውን የሚሽረው ምክር ቤቱ ነው ወይስ ሕዝቡ። ክርክሩ ሲጦዝ ፖስተኛው በመስኮት አንገቱን ያስገባና «ጋሽ ደቂቃ፣ ፍረድ!» ይለኛል። እኔም አጉሊ መነጽሬን ከዓይኔ ሳላነሳ እፈርዳለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈርጃለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አላውቅም የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። የማላውቀው ነገር አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ብቻ የሰዓት ሠሪ ድምፅ ረጋ ያለ ስለሆነ ሰው ያምነዋል።

አንድ ቀን አከራዬ መጣና ክፍሉ ለአንድ ሰው ይሰፋል ብሎ መሃሉን በመስታወት ከፈለው። በሳምንቱ እሷ ገባች። ሠላሳዎቹን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ የምትሰካ ሴት ናት። ይዛ የመጣችው አንድ የሽቦ መበየጃ ካውያ፣ አንድ መብራት፣ ብሎኖቿን በየመጠናቸው የለየችባቸው የመድኃኒት ብልቃጦች ነበር። ገና ብልቃጦቹን ሳይ ቀናሁ። የእኔ ብሎኖች በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተደባልቀው ነው የሚኖሩት።

በሦስተኛው ቀን ሹፌሩ በመስኮት ብቅ አለና «ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ቢያድር ባትሪው ይሞታል አይሞትም?» ብሎ ጠየቀኝ። አፌን ስከፍት ዓይኑ ወደ መስታወቱ ማዶ ሾለከ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

«አላውቅም» አለች ቀና ብላ። «የድሮው ባትሪ ሌላ፣ የአሁኑ ሌላ ነው። አይቼ ነገ ልንገርህ።»

አግዳሚው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እዚያ ወንበር ላይ ያ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። እኔ ሳቄን ለቀቅሁት። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ወይዘሪት አላውቅም!» አልኳት። ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። በማግሥቱ ግን መልሱን ይዛ መጣች፤ የሚጎዳው ሙቀቱ ነው፣ ትራስህ ሥር አድርገህ እንዳትተኛ አለችው። ያወጣሁላት ስም ተለጠፈባት፤ ግን እንደ ስድብ አልተለጠፈም። ከወር በኋላ ሰው ከሌላ ሰፈር እየመጣ «ወይዘሪት አላውቅም የሚሏት እዚህ ናት?» ይለኝ ጀመር። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ ብል ማን ይሰማኛል?

የከንቲባውም ነገር እንዲሁ ሆነ። ከንቲባን የሚሽር ሕዝብ ነው ብዬ ከፈረድኩ ዓመታት አልፈዋል፤ የተዘጋ መዝገብ ነው። ፖስተኛው ለነገር ብሎ እሷ ፊት ቀሰቀሰው። አላውቅም አለች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ማዘጋጃ ቤት ሄዳ፣ ወረፋ ይዛ፣ ደንቡን ኮፒ አስደርጋ መጣች። የሚሽረው ምክር ቤቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን እየተቀባበሉ ሲያነቡ አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። ለአንድ የአግዳሚ ወንበር ክርክር ወረፋ የሚይዝ እብድ የት ይገኛል!

ቀጥሎ ካርቶኖቹ መጡ። ራሷ የተሳሳተች እንደሆነ የስልክ ካርቶን ክዳን ትቀድና በጀርባው ጽፋ መስታወቷ ላይ በፕላስተር ትለጥፋለች። «እርማት። ማክሰኞ ዕለት መብረቅ አንድ ቦታ ሁለቴ አይመታም ብዬ ነበር። ይመታል። ተሳስቻለሁ።» «እርማት። ሳሙና የሚለው ቃል የራሳችን ነው ብዬ ነበር። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው።» «እርማት። የምክር ቤቱ ዘመን አራት ዓመት ነው ብዬ ነበር። አምስት ነው፤ ያረመኝ ሹፌሩ ነው።» ሹፌሩ ይህችን ካርቶን ተሳፋሪው ሁሉ እንዲያይለት ሦስት ቀን ታክሲውን ከፊት ለፊቷ አቆመ።

«ስህተትሽን በአደባባይ እየሰቀልሽ ደንበኛ ታባርሪያለሽ» አልኳት፣ ተቆርቋሪ መስዬ።

«ይሆናል ጋሼ» አለች።

ደንበኛው ግን ካርቶን ሊያነብ መጥቶ ስልኩን ትቶላት ይሄዳል። እኔ በልቤ እቆጥር ነበር። በዚያች ዓመት እሷ አሥራ አራት ጊዜ ተሳስታለች፤ እኔ አንድም ጊዜ። ታዲያ ለምን እሷን ይጠይቃሉ?

ጉድ ፍለጋ ወጣሁ። የስልክ መለዋወጫ የሚያከፋፍለው ሰውዬ ከልጅነቷ ያውቃታል ሲሉኝ፣ ባትሪ ልግዛ ብዬ ሄጄ አዋራሁት። አባቷ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር፤ ተበላሽተው የተጣሉ ሬዲዮዎችን እያመጣ ይሰጣት ነበር። ኮሌጅ ገብታ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ተምራለች። እናቷ አልጋ ላይ ስትውል ትምህርቱን ትታ አምስት ዓመት አስታመመቻት፤ ጥገናውን የተማረችው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የጎረቤት ስልክ እየፈታታች ነው።

«ሐኪሞቹ ሁሉ ያውቁ ነበር» አለኝ ሰውዬው። «አንዱ ኩላሊት ነው ይላል፣ አንዱ ደም ማነስ ነው ይላል፤ ሁሉም እርግጠኛ። አንዲት አሮጊት ነርስ ብቻ ‹አላውቅም ልጄ፣ ጠይቄ እነግርሻለሁ› አለቻት። ጠይቃም መጣች። ከዚያ ወዲህ ይቺ ልጅ የምታምነው እንዲያ የሚል ሰው ብቻ ነው።»

የእሷን ጉድ ፍለጋ ሄጄ የራሴን ይዤ ተመለስኩ። የማያስፈልገኝን ባትሪም ገዝቻለሁ።

እስከዚህ ድረስ ቅናቴ የሚበላው እኔኑ ነበር። ከዚያ እትዬ መጣች።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በዚህ ዓለም የምናገረውን ሁሉ ሳትጠራጠር የምትቀበለኝ አንድ ሰው ብትኖር እሷ ናት፤ «ወንድሜ ብሏል» ካለች አለቀ። ደም ግፊት አለብሽ ከተባለች ቆይታለች። ልጇ ክንድ ላይ ታስሮ ቁጥር የሚያሳየውን መለኪያ ገዝቶላታል። ሐኪሟ በየጠዋቱ እየለካች በደብተር እንድትጽፍ፣ የላይኛው ቁጥር ከመቶ ስድሳ ካለፈ ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ ነግሯታል።

ያን ቀን መለኪያውን በፌስታል ይዛ ገባች። ጉንጬን ሳመችኝና በፊቴ አልፋ ወደ መስታወቱ ማዶ ተራመደች።

«እትዬ! ወዴት ነው?»

«ወደ ልጅቷ ነዋ። ይሄ ነገር ቁጥሩ በዛብኝ፤ ልክ ይሁን አይሁን ልጠይቃት ብዬ። ኤሌክትሮኒክስ አይደል?»

ዓይኔ ቀላ። ሰፈሩ ይሂድ፤ እትዬም?

«አምጪው ወዲህ!» አልኳት። «መለኪያ መለኪያ ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የምሠራው ምን መሰለሽ?»

ክንዴ ላይ አሰርኩት። መቶ ሃምሳ አለኝ። ባለፈው ዓመት ጤና ጣቢያ ስለካ መቶ ሠላሳ ነበር። ደሜ በቅናት እየፈላ እንደለካሁት ያን ጊዜ አልታሰበኝም። በእኛ ሙያ የሚፈጥን ሰዓት አይጣልም፤ ስንት እንደሚፈጥን ይታወቅና ባለቤቱ ያን ያህል እየቀነሰ ያነባል። የቤቴ የግድግዳ ሰዓት ሩብ ሰዓት ይፈጥናል፤ እኔና ባለቤቴ እየቀነስን መኖር ከጀመርን ስንት ዓመታችን። እናም አግዳሚው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ፈረድኩ።

«መለኪያሽ ሃያ ይፈጥናል። በየጠዋቱ ሃያ ቀንሺለት።»

«እኔም እኮ ብያለሁ!» አለች እትዬ ደስ ብሏት።

ሞባይል ሠሪዋ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ጤና ጣቢያ ወስደው ቢያስተያዩት…»

«ይሄ የሞባይል ጉዳይ አይደለም» አልኳት። ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እያፏጨሁ ነው።

አራት ወር አለፈ። አንድ ሰኞ ጠዋት ስደርስ እሷ ቀድማ ከፍታለች፤ መስታወቷ ላይ አዲስ ካርቶን ተለጥፏል። «እርማት። የደም ግፊት መለኪያ ስለሚፈጥን ሃያ ይቀነስ ተብሎ ከዚህ ሱቅ ተነግሯል። ስህተት ነው። ማንም እንዳይቀንስ። የቀነሰ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ።»

ኮቴን ሳላወልቅ ወደ እሷ ዞርኩ። «ምን ተፈጠረ?» አልኳት።

ካውያዋን አስቀመጠች። «ሐሙስ ዕለት እርስዎ ለምሳ ወጥተው ሳለ እትዬ የመለኪያው የባትሪ ክዳን ተሰብሮባቸው መጡ። ደብተራቸውን አየሁት። በየቀኑ አንድ ቁጥር ተጽፎ ይሰረዝና ከጎኑ ሌላ ይጻፋል። መቶ ሰባ ስድስት ተሰርዞ መቶ ሃምሳ ስድስት። መቶ ሰባ ዘጠኝ ተሰርዞ መቶ ሃምሳ ዘጠኝ። መለኪያው ልክ ይሁን አይሁን እኔም አላውቅም ነበር። ይዘነው ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ በእነሱም መለኪያ በእሳቸውም ለካቻቸው። አንድ ነው ጋሼ። መቶ ሰማንያ ሁለት።»

«አሁንስ?»

«ቀኑን እዚያው አስተኝተው አዋሏቸው፤ መድኃኒታቸውም ተለወጠ። ደህና ናቸው። ‹ወንድሜን እንዳታሳፍሪብኝ› ብለው አስምለውኛል። ግን ቅዳሜ ሹፌሩ ለአማቱ ሃያ እየቀነሰላቸው እንደሆነ ሲነግረኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

አራት ቀን ሙሉ አልሰማሁም። እህቴ መቶ ሰማንያ ሁለት ደርሶባት፣ ክንዷን ይዞ ጤና ጣቢያ ያደረሳት ሌላ ሰው ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነው ብል ደስ ባለኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። ፍርሃቱ ሁለተኛ መጣ፤ ሲመጣ ግን ያን ጠዋት የአንድ ሰዓት ክዳን እንኳ መክፈት አቃተኝ።

ከደጅ የፖስተኛው ድምፅ ይሰማል። «ይቺ ልጅ እኮ! ይኸው ይህንንም ስህተቷን አልደበቀችም።»

«አንተ ስትነግረኝ ጋሽ ደቂቃ ነው ያለው ያልከኝ መሰለኝ» አለ ሹፌሩ።

«ተው እንጂ! ካርቶኑ ያለው የማን መስታወት ላይ ነው?»

«እውነትህን ነው። ሰው ማለት እሷ ናት።»

ዝም ብል ኖሮ ሰላም ነበር። ስሜ ንጹሕ ነው፤ አጉሊ መነጽሬን አድርጌ ቁጭ ማለት ነው። ግን አልቻልኩም። ያወጣሁትን ስም ወሰደችው። አግዳሚውን ወሰደችው። እህቴን ወሰደቻት። አሁን ደግሞ ስህተቴን እንኳ ወስዳ ትመሰገንበታለች! ለሕሊናህ ብለህ ነው የሚለኝ ካለ አልክደውም፤ ከወንበሬ ያነሳኝ ግን ቅናት ነው። የሰዓት ሣጥን ክዳን ቀድጄ ጻፍኩ። «እርማት። መለኪያው ሃያ ይፈጥናል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሰዓት ሠሪው። አላውቅም ነበር።» የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ከሁሉ በኋላ ጨመርኳቸው። በእኔ በኩል ባለው መስታወት ላይ ለጠፍኩት።

ፖስተኛው ሁለቴ አነበበው። ሹፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«ታዲያ ጋሽ ደቂቃ» አለ ፖስተኛው ቀስ ብሎ፣ «ስለ ጨረቃው ውሃ ያልከውስ?»

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፍርዴ ሁሉ በአንድ ጠዋት ይግባኝ ተባለበት።

በዚያው ዕለት እትዬ ቤት ሄጄ ነበር፤ «ተወው፣ አለፈ» ብላ ሻይ ሰጠችኝ። ተወው ያለችኝ ግን ዓይኔን ሳታይ ነው። በሳምንቱ ቅዳሜ ራሷ ወደ ሱቁ መጣች። ከስታለች። ቆማ ሁለቱን ካርቶኖች አነበበች፤ ቀስ ብላ ነው የምታነበው። በፊቴ አልፋ ወደ ማዶ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅሁ። ወንበር ስባ ከእኔ ፊት ተቀመጠችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ለካኝ» አለች።

እጄን በሱሪዬ ጠርጌ አሰርኩላት። መለኪያው ተነፋ፣ ተነፈሰ። ደብተሯን ገልጣ እርሳሷን ያዘች። ካርቶኖቹን ያነበበችበትን መነጽር ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች፤ ቁጥሩን ራሷ ልታይበት አላወጣችውም።

«ስንት ነው?»

«መቶ ሃምሳ ሁለት።»

«ሳይቀነስ?»

«ሳይቀነስ።»

አልጻፈችም። አየችኝ፤ ከዚያ ዓይኗ ወደ መስታወቱ ማዶ ሄደ። «ወንድሜ ብሏል» ስትል የኖረችው እትዬ ማረጋገጫ ፈለገች። መስታወቱ ቀጭን ነው፤ ሞባይል ሠሪዋ ሁሉንም ሰምታለች። ቀና ብላ ራሷን ብትነቀንቅ ነገሩ ያልቅ ነበር። ቀና አላለችም። ከብልቃጧ አንድ ብሎን አውጥታ መብራቱ ሥር ታገላብጥ ጀመር፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው እንደሌለ ሁሉ።

እትዬ ጠበቀች፣ ጠበቀች። በመጨረሻ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰችና ቁጥሩን ጻፈች።

ልጅቷ ቀና ባለማለቷም ቀናሁባት።