ሞት የያዘችው እጅ

ቦርቶላ አጣቢ ናት። ከትሬንቶ ተራሮች በሚወርደው ወንዝ ዳር፣ ከእኔ ጎን ተንበርክካ የሰው ልብስ ስትፈትግ ኖራለች። ድሮ ስንቱን በነገር ስትወጋ እየዋለች ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። ወረርሽኙ በገባ ዓመት ግን አንድያ ልጇን ኦሊያናን በጋሪ ወስደው ከሌላው ሬሳ ጋር ቀበሯት። ፊቷን እንኳ አላሳዩአትም።

በሽታው ሲያልፍ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ማኅበርተኞች ሰዓሊ ዛኔቶን ቀጠሩ፤ በቤተ ክርስቲያኑ የውጭ ግድግዳ ላይ ሞት ትልቁንም ትንሹንም እጁን ይዛ ስትጨፍር እንዲሥል። እኛ ዘንድ ሞት ሴት ናት፤ አጥንቷ የገጠጠ፣ ጥርሷ የማይከደን። ለሚጨፍሩት ሁሉ የመንደሩን ሰው መልክ ሰጣቸው። ከመጠጥ ቤት የማይወጣውን ባሌን ጳጳስ አደረገው።

ቦርቶላ የሰዓሊውን ልብስ በነጻ እያጠበች የልጇን መልክ ነገረችው፦ ቅንድቧ የተገጣጠመ፣ አንድ ዓይኗ ትንሽ ያዘመመ። ወረቀት ላይ እየሣለ፣ እያጠፋ ቆየ፤ በመጨረሻ ቦርቶላ "እሷ ናት" አለችው።

ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ግን ሞት የልጅቷን እጅ ጨብጣ ትስቃለች።

"ጌታዬ፣ እጇን ያስለቅቁልኝ" አለችው ቦርቶላ።

"ጭፈራው እጅ ለእጅ ነው እኮ፣ እህቴ። ጳጳሱንም አልለቀቀችውም።"

ዛኔቶ ሥራውን ጨርሶ ሄደ። ቦርቶላም በየቀኑ እዚያ ግድግዳ ሥር መቆም ሆነ ሥራዋ። መኸር ሲያልቅ የአመድ ውሃና ብሩሽ ይዛ አየኋት።

"አንቺ ሴትዮ፣ የሚለቅ መስሎሽ ነው?" አልኳት።

"የቄሱ ልብስ ላይ የፈሰሰውን ወይን ማን አስለቀቀው? የሞትን ጣቶች ብቻ ነው የማጥበው።"

ቀለሙ ግን ከኖራው ጋር አብሮ የደረቀ ነው። ደጋግማ አራሰችው፤ እምቢ ሲላት በድንጋይ ፈተገችው። ውሃው በጫረችው በኩል ገባ፣ ክረምቱን ከልስኑ ሥር በረዶ ሆኖ ከረመ። ፀሐይ ስትወጣ ልስኑ አብጦ ወደቀ፤ የወደቀውም ኦሊያና ያለችበት ወገን ነው። ሞት እጇን እንደዘረጋች፣ ጥርሷ እንኳ ሳይነካ ቀረች።

ቦርቶላ ስብርባሪውን በሽርጧ ሰበሰበች። ከዚያ መዳፏን በሞት መዳፍ ላይ ለጥፋ "እንግዲያው እኔንም ውሰጂኝ" አለቻት። ጎትቼ ወሰድኳት።

ሞትም አልሰማቻትም። ባሌን ወሰደች፣ ቄሱን ወሰደች፣ ቦርቶላን ተወቻት።

ባለፈው ሰሞን አንሶላ እየጨመቅን ሳለ ድንገት እጇን አቆመች።

"የልጄ ያዘመመው ዓይኗ የትኛው ነበር?" አለችኝ።

ባስብ ባስብ አልመጣልኝም። እሷም አንሶላውን በእሷ በኩል ማጠማዘዝ ቀጠለች።