ለድመቷ የመረጥኩት ሥጋ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሥጋ ቆርጫለሁ። ስለ ሥጋ ሊያስተምረኝ የሚነሳ ሰው ካለ ደሜ ይፈላል። ይህንን የማወራው ግን ልኮራ አይደለም፤ እያፈርኩ ነው።

ልጆቻችን አግብተው ከወጡ ወዲህ ቤቱ ጭር ያለባት ባለቤቴ፣ መዳፍ የማትሞላ ድመት አመጣች። በሳምንቱ «የኔ እመቤት» እያለች ታጫውታት ጀመር። ቀለቧን እኔ ወሰድኩ። በየቀኑ ከሥጋ ቤቱ ስመለስ አጥንት የሌለው፣ ጅማት የሌለው፣ ንጹሕ ቀይ ሥጋ ከትፌ አቀርባለሁ። ጉበት እንኳ አላስነካትም። ጉበት ለእኔ ድመት?

«ኧረ ሥጋ ብቻ አይሆንም ይላሉ። ለትንንሽ ድመቶች የተዘጋጀ ምግብ አለ፣ እሱን እንግዛላት» አለችኝ ባለቤቴ።

«የሥጋ ቆራጭ ድመት ከጣሳ ልትበላ? ሰው ምን ይለኛል!» ብዬ አፏን አስዘጋኋት።

አምስት ወር ሲሆናት፣ አንድ እሑድ ድመቷ ከሶፋው ዘለለች። ሶፋው እኮ ከጉልበት አያልፍም። ስትጮህ ከጋዜጣዬ ቀና አልኩ፤ የኋላ እግሯን አንጠልጥላለች። ባለቤቴ የታጠበ ልብስ ታቅፋ በዚያው እያለፈች ነበር። እውነቱን ለመናገር ስትረግጣት አላየሁም።

«ረገጥሻት! ዓይንሽ የት ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

«የረገጥኩ አልመሰለኝም እኮ» አለች። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም፤ አመነችኝ። እስከ ማግሥቱ እህል አልቀመሰችም፤ «ይሄ እግሬ ይሰበር» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ አኮረፍኳት።

በማግሥቱ ድመቷን በካርቶን አድርገን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሟ ወጣት ናት። ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅላ መረመረችው። የድመቷ የኋላ እግር ተሰብሯል፤ ሳናውቀው የተሰነጠቀ ሌላም አጥንት አለ።

«ምንድን ነው የምትመገበው?» አለችን።

ደረቴን ነፋሁ። «ምርጥ ቀይ ሥጋ! እኔው ራሴ ነኝ የምመርጥላት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ያስፈልጋታል?»

ሐኪሟ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ የምታድግ ድመት ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ ቀይ ሥጋ ውስጥ ደግሞ ከቁጥር የሚገባ የለም። ከምግቧ ስታጣው ከገዛ አጥንቷ ትወስዳለች። እንዲህ የሳሳ አጥንት ከወንበር ስትወርድም ይሰበራል።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለቤቴ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ዞራም አላየችኝም።

«እንግዲያው እኔ አልረገጥኳትም?» አለች ሐኪሟን።

«ኧረ በጭራሽ፣ እትዬ! የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

ባለቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ሐኪሟ የድመቷን እግር አሰረች፤ ትንሽ ታነክስ ይሆናል እንጂ ምግቧ ከተስተካከለ ትድናለች አለች። ዓመት እስኪሞላት የትንንሽ ድመቶች ምግብ፣ በቀን ሦስት አራቴ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ። ባለቤቴ እያንዳንዱን ደግማ አለችው። እኔን ማንም የጠየቀኝ የለም።

ስንወጣ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ካርቶኑን ልያዝልሽ» ነው።

«ተወው» አለችኝ፣ ካርቶኑን ከነድመቷ ወደ ደረቷ አስጠግታ። «አንተ በሩን ክፈትልን።»

ከፈትኩላቸው።