ከጓሮ የሚወጣው ቧንቧ

ጸሐይነሽ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው ሲባል በዩጋንዳ ሙቱንጎ በተባለ ኮረብታ የሚኖሩት ሐበሾች መጀመሪያ ልጇ መስላቸው ነበር። ልጇ ትህትና ግን ፋርማሲ ተምራ ከጨረሰች ዓመት አልፏታል። በአርባ ስድስት ዓመቷ ደብተር ገዝታ፣ ጠዋት ጠዋት ታክሲ ተሳፍራ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ዋንዴገያ መውረድ የጀመረችው እናትየዋ ናት።

ጸሐይነሽ በአንድ የረድኤት ድርጅት ቢሮ አሥራ አንድ ዓመት ሪፖርት ስታዘጋጅ ኖራለች። ከየገጠሩ የሚመጣውን ጽሑፍ ታርማለች፣ ታሳጥራለች፣ ለለጋሾች እንዲጥም አድርጋ ትጽፋለች። ከየትኛውም ሪፖርት የማይጠፋ አንድ ቃል ነበር፤ ዘላቂነት። ጉድጓዱም ዘላቂ፣ ችግኙም ዘላቂ፣ ሥልጠናውም ዘላቂ። ድርጅቱ በጀት አጥቶ ሲዘጋና ወረቀቱን በካርቶን ስታሽግ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የጻፈችው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ቢጠይቋት የምትመልሰው እንደሌላት ታወቃት። ባሏ ወንድይፍራው በአየር መንገድ የጭነት ክፍል የሚሠራ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሌላ ሥራ እስክታገኝ ትንሽ እንድታርፍ መከራት። እሷ ግን የዘላቂ ልማትና የዓለም አቀፍ ሶሲዮሎጂ የማስተርስ ትምህርት እንዳለ ሰምታ፣ ለማንም ሳትናገር ተመዝግባ መጣች።

የመጀመሪያው መንፈቅ ከበዳት። አብረዋት የሚማሩት የልጇ እኩዮች ናቸው፤ «አንቲ» እያሉ ወንበር ይለቁላታል። ከክፍል ሲወጡ መንገድ ዳር ቆመው ሮሌክስ የሚሉትን እንቁላል የተጠቀለለበት ቻፓቲ እየበሉ ሲከራከሩ፣ እሷ ቻፓቲው ከነእንቁላሉ በእጇ እየቀዘቀዘ ታዳምጣለች። ቀስ በቀስ ግን ነገሩ ገባት። አንድ አህጉር ላይ የሚለበሰው ሸሚዝ ቀለሙ የሚፈሰው ሌላ አህጉር ወንዝ ውስጥ ነው፤ የአንዱ ምቾት ክብደቱ የሚያርፈው በማያየው ሰው ትከሻ ላይ ነው። ይህን ሁሉ በጥሩ የእጅ ጽሑፏ ትገለብጠዋለች። ደስ ይላታል። የሩቅ አገር ወሬ ይመስላት ነበር።

የመመረቂያ ጥናት ጊዜ ሲደርስ ሰሜን ዩጋንዳ ድረስ ሄዳ ልትሠራ አሰበች። አማካሪዋ ዶክተር ኪዛ ግን ሩቅ መሄድ ለምን እንዳስፈለጋት ጠየቋት፤ ከምትኖርበት ኮረብታ ሥር ምን እንዳለ ታውቅ እንደሆነም እንዲሁ። አታውቅም ነበር። ስድስት ዓመት ከሰገነቷ ላይ ሆና ሐይቁን አይታለች፤ ከሐይቁ በፊት ያለውን ረግረግ ግን ልብ ብላ አይታው አታውቅም።

ረግረጉ ደንገል የበቀለበት፣ ዳር ዳሩን ሰዎች ጎደሬ የሚተክሉበት መሬት ነው። ውሃው ሐይቁ ከመግባቱ በፊት የሚጣራው በዚያ ስለሆነ ሰዎቹ ይነሱ የሚል ወሬ ነበር። ጸሐይነሽ ሠላሳ ሁለት ጥያቄ አሳትማ ወረደች። በአካባቢው የቆዩት ማን እንደሆኑ ስትጠይቅ ሁሉም ወደ ዛሂዳ አመለከታት። ዛሂዳ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሃያ ሦስት ዓመት ጎደሬ የተከሉና ከደንገል ምንጣፍ የሠሩ ሴት ናቸው። ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። እንዲህ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ መጥቶ እንደሄደ ነግረው መለሷት። በሳምንቱም መለሷት። በሦስተኛው ጊዜ ግን ራሳቸው ጠርተው፣ ማክሰኞ ቦት ጫማ አድርጋ እንድትመጣ ነገሯት። ሐሳባቸውን ለምን እንደለወጡ አላብራሩም።

ማክሰኞ ዕለት ወረደች። በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና እሷ በምታውቃት ትንሽ ሉጋንዳ እያቀላቀሉ ተግባቡ። ዛሂዳ መጀመሪያ የላይኛውን መደብ አሳዩዋት፤ ጎደሬው ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ ሰፍቶ ቆሟል። ቀጥለው ወደ ታችኞቹ ሦስት መደቦች ወሰዷት። እዚያ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። አንዱን በዶማ ነቅለው ሰበሩላት፤ ውስጡ ረጥቧል፣ ይሸታል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከኮረብታው የሚወርድ ነገር እንዳለ ነግረው፣ ቦዩን ይዘው ሽቅብ መሩ። ጸሐይነሽ ተከተለች። በሙዙ መሐል፣ በአጥር ጥግ፣ የቆሻሻ ክምር አልፈው ግራጫ ቧንቧ ከግንብ ሥር ብቅ ያለበት ደረሱ። አፉ ላይ ጥቁር ጭቃ ደርቋል።

ጸሐይነሽ ቀና ብላ ግንቡን አየች። ከግንቡ በላይ፣ በሁለተኛው ፎቅ የኋላ ሰገነት ላይ፣ አምስት ነጭ ሸሚዞች ተሰጥተዋል። የወንድይፍራው የሥራ ሸሚዞች ናቸው። ጠዋት ራሷ ናት ያሰጣቻቸው።

ከኃይለኛ ዝናብ በኋላ ሽታ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ ከሐይቁ እየመሰላት መስኮት ስትዘጋ ኖራለች። ለካ አከራዩ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ሲሞላ ጎርፍ ጠብቀው ያስለቅቁታል።

«ይህ እኔ የምኖርበት ግቢ ነው» አለች።

«አውቃለሁ ኛቦ» አሉ ዛሂዳ፤ ሉጋንዳ ተናጋሪ ሴትን ሲያከብር የሚጠራበት ቃል ነው። «በበሩ ስትገቢ አይቼሻለሁ። እሺ ያልኩሽም ለዚሁ ነው። እኔ ባንኳኳ ዘበኛው አይከፍትልኝም። አንቺ ግን ውስጥ ነሽ።»

ጸሐይነሽ ይቅርታ ልትል ስትል፣ ዛሂዳ ዶማቸውን አንስተው መመለስ ጀምረው ነበር።

ሁለት ቀን ጥናቱን ልተወው አልተወው ስትል ሰነበተች። የራሷ ቤት ያለበትን ነገር እንዴት ታጠናለች? ሌላ ቦታ ልትቀይር ፈልጋ ዶክተር ኪዛ ዘንድ ሄደች። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሲያደምጧት ቆዩና፣ «የቆምሽበትን ቦታ ሳትደብቂ ጻፊ፤ መመዘኑን ለአንባቢው ተዪለት» አሏት። ከዚህ ሌላ ምክር አልሰጧትም።

ከባሏ ጋር ግን እንዲህ በቀላሉ አላለቀም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነገረችው። ወንድይፍራው መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ተቀመጠ።

«እኛ እዚህ አገር እንግዳ ነን፣ ጸሐይዬ። እንግዳ የባለቤቱን ጓዳ አይፈትሽም» አላት።

«የሰው ጓዳ አልፈተሽኩም። የሚወርደው የእኔው ቆሻሻ ነው።»

ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከሰዓት በኋላ ግን ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ሲያይ አገኘችው።

በግቢው አራት ተከራይ አለ። ምድር ቤት የምትኖረው ሔሊና ሙየንጋ በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ያላት፣ ቶሎ ቱግ የምትል ሴት ናት። ጸሐይነሽ ብዙ አላወራቻትም፤ ቦት ጫማ አውሳ ይዛት ወረደች። ሔሊና ቦዩ ዳር ቆማ እስከ ቧንቧው አፍ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ወደ ቤት ሲመለሱ አከራዩ ዘንድ አብራ እንደምትሄድ ራሷ ተናገረች። የቀሩት ሁለቱ ተከራዮችም፣ አንዱ እያመነታ፣ ተስማሙ።

አከራያቸው ሚስተር ሰማኩላ ጡረታ የወጡ፣ ጨዋና ሻይ ሳያቀርቡ ሰው የማያነጋግሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አልተቆጡም። ኮረብታው ሁሉ እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ዝናቡ እንደሚያጥበው፣ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ደግሞ በዚያ ጠባብ መንገድ መግባት እንደሚያስቸግረው አስረዱ። ያልተስማማው ቁልፉን ቢመልስ ቅር እንደማይላቸውም ጨመሩ። ሔሊና ልትመልስ ስትል፣ ለመቀመጥ ብቻ የመጣ ይመስል የነበረው ወንድይፍራው ቀደማት።

«በእኛ ሥራ የሚያፈስ ዕቃ ላኪው ሳያስተካክለው አውሮፕላን ላይ አይጫንም» አለ ረጋ ብሎ። «ሰው እርሻ ላይ እንዴት ይለቀቃል?»

ሽማግሌው ብርጭቆአቸውን እያዞሩ የሁለት ሳምንት ጊዜ ጠየቁ። ጸሐይነሽ ባሏን አየችው፤ እሱ ግን ሻዩን ይጠጣ ነበር።

የመምጠጫ መኪናው በአሥራ አንደኛው ቀን ኋሊት እየገባ፣ የጎረቤት አጥር ፍቆ፣ መጣ። ግንበኛው ቧንቧውን ቆርጦ አፉን በሲሚንቶ ደፈነው። ሚስተር ሰማኩላ ከዚያ በኋላም ሰላምታቸውን አላጓደሉም፤ የነጸሐይነሽ የኪራይ ውል ሲያልቅ ግን አላደሱላቸውም። እዚያው ኮረብታ ላይ ያነሰ ቤት ተገኘ። ወንድይፍራው ከመፈረሙ በፊት፣ ሰገነቱንም ወጥ ቤቱንም ሳያይ፣ ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ ደላላውን ጠየቀ። ደላላው እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞት ስለማያውቅ ስልክ መደወል ነበረበት።

ዛሂዳ ዘንድ ነገሩ በአንድ ጊዜ አልተቃናም። ከሌሎች ግቢዎች የሚወርዱ ሁለት ቧንቧዎች ዛሬም አሉ። ከሦስቱ መደቦች አንዱ ብቻ በሁለተኛው ዝናብ አረንጓዴ ቅጠል አወጣ። ጸሐይነሽ ሠላሳ ሁለቱን ጥያቄዎች ጥላ፣ የዛሂዳን ቀንና የራሷን ግቢ ጎን ለጎን አድርጋ ጻፈች። ከፈታኞቹ አንዱ ተመራማሪዋ ከነገሩ ውስጥ ገብታለች ብሎ አጥብቆ ተከራከራት። እሷም ገና ሳትጀምረው ስድስት ዓመት ውስጡ እንደነበረች መለሰችለት። አለፈች። በምርቃቷ ቀን ትህትና ካባውን ስታስተካክልላት፣ ዛሂዳ በደንገል ገመድ የታሰረ አዲስ የተነቀለ ጎደሬ ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ልከው ነበር፤ ራሳቸው አልመጡም፣ የተከላ ቀን ነበር።

ባለፈው ወር ስለ ረግረጉ ስብሰባ ተጠራ። ዛሂዳ በስብሰባው የሚነገረውን እየሰማች እንድትጽፍላቸው ጸሐይነሽን ይዘዋት ሄዱ። ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የመንግሥት ሠራተኛው ረግረጉ ለምን መጠበቅ እንዳለበት አስረዳ፤ ትክክል ነበር። ዛሂዳ ተነስተው ደንገሉን ያቆዩት ከርሱ የሚኖሩት ሰዎች እንደሆኑ፣ የሚያበላሸው ከላይ እንደሚመጣ ተናገሩ፤ እሳቸውም ትክክል ነበሩ። ጸሐይነሽ ሁለቱንም እንዳሉት ጻፈች። ሠራተኛው እየዞረ ስም ሲመዘግብ እሷ ዘንድ ደርሶ ከየትኛው ድርጅት እንደመጣች ጠየቃት።

«ከየትም» አለችው። «ጎረቤት ነኝ።»

እሱም በቅጹ ላይ ቦታ አጥቶላት፣ ከዛሂዳ ስም ሥር ጻፋት። ስብሰባው እስከ ቀትር ቆየ፤ ሳይወሰን ለሌላ ሐሙስ ተቀጠረ።