የግዴታ ዕረፍት

ባንክ ቤት ውስጥ «ፊርማ» ይሉታል። የቅርንጫፉ ተቆጣጣሪ ነው፤ እሱ ያልፈረመበት ወረቀት ንቅንቅ አይልም። በዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን ዕረፍት ወጥቶ አያውቅም። «እኔ ከሌለሁ ያ ቅርንጫፍ አለቀለት!» ይላል። ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ ሰምታ ሰምታ ስለሰለቻት፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል «እሺ» ትለዋለች።

ዘንድሮ ግን ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ተቆጣጣሪ የተባለ ሁሉ ሁለት ሳምንት በግድ ይረፍ ብሎ ደብዳቤ በተነ። ፊርማም «በቃ፣ ቤተሰቤን ላስደስት» ብሎ ቤቱ ገባ።

ደስታው እስከ ማክሰኞ ቆየ። ረቡዕ ጓዳ ገብቶ የዘይቱን ጠርሙስ በማስመሪያ ለካ። የስድስተኛ ክፍል ልጁን ደብተር ገልጦ «ስርዝ ድልዝ ያለበት አልቀበልም» አለና ገጹን እንዳለ እንደገና አስጻፋት። ሐሙስ፣ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርብ የሚል መመሪያ አወጣ። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቱ ልጃቸውን ጠጋ ብለው «አንቺ፣ ባልሽ ለካ ከሩቅ ነው የሚያምረው» አሏት።

ዓርብ ጠዋት ሚስቱ ለሥራ አስኪያጁ ደወለች።

«እባክዎ፣ ባሌን መልሰው ይውሰዱልኝ።»

«ምነው፣ አመመው?»

«እሱስ ደህና ነው። የታመምነው እኛ ነን።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እህቴ፣ የበላይ ትእዛዝ ነው። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ እኛም እያረፍን ነው።»

ሰኞ ዕለት ፊርማ «በዚህ ሳልፍ ነው» ብሎ ቅርንጫፉ በር ላይ ብቅ አለ። ዘበኛው «ጋሼ፣ ዕረፍት ላይ ያለ አይገባም ተብሏል» ብሎ መለሰው። በመስታወቱ አጮልቆ ሲያይ አንዲት ወጣት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትፈርማለች። ሰልፉ ከወትሮው አጥሯል፤ ገንዘብ ከፋዮቹ እየሳቁ ይሠራሉ።

ቤት ሲመለስ ልጁና አማቱ ዳማ ይዘዋል። ከትምህርት ቤት መልስ ሁልጊዜ እንደሚጫወቱ ያን ቀን ገና ልብ ማለቱ ነው።

«እኔስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«የተሸነፈ ይነሳል፤ እስከዚያ ቁጭ በል» አለችው ልጁ።

ቁጭ አለ። ተራው ሲደርስ ሦስቴ ተበላ። «ሕጉ የት ተጽፏል?» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ሚስቱ ይህን አይታ የስፌት መኪናዋን አቁማ ቀና አለች።

ሥራ ሲገባ ባልደረቦቹ ዕረፍት እንዴት ነበር አሉት። «ቤቱን ቀጥ አድርጌ መጣሁ!» አለ ደረቱን ነፍቶ። ከዚያ ወዲህ ግን በሳምንት ሁለት ቀን በሰዓቱ ይወጣል። ምነው ሲሉት «ስብሰባ አለብኝ» ይላል። በዚያ ስብሰባ እስካሁን አማቱን አንድም ቀን አላሸነፋቸውም።