«ቅርብ ነው» የማትለው ኖሪን

የሽርሽር መርከብ በሚመጣበት ቀን ኖሪን ፓስኮን ማንም አይቀሰቅሳትም። ሐምራዊ ሰደርያዋን አጥልቃ፣ የባርኔጣዋን ማሰሪያ አገጯ ሥር አጥብቃ፣ ባሕሩ ውስጥ ዘልቆ በገባው የእንጨት ድልድይ ጫፍ ላይ ቀድማ ትገተራለች። መርከቡ ግዙፍ ስለሆነ ወደ ከተማችን ወደ ፖርት ሃሎው አይጠጋም፤ ራቅ ብሎ መልሕቁን ይጥልና መንገደኞቹን በትንንሽ ጀልባዎች እያመላለሰ ያራግፋቸዋል። እነሱም ድልድዩን ሲረግጡ መጀመሪያ የሚያዩት ከተማውን አይደለም፤ ኖሪንን ነው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! ባርኔጣ የሌለው ማነው? አንተ ወንድሜ፣ ፀጉርም የለህ፣ ባርኔጣም የለህ፣ ልትጠበስ ነው እንዴ የመጣኸው? ውሃ ያልያዘ ተመልሶ ይያዝ! ከቁርስ ጠረጴዛ ላይ ፖም ኪሱ የከተተ ካለ እዚያ በርሜል ውስጥ ይጣል፤ የእኛ ገበሬ የናንተን ትል አይፈልግም። ዋና ያማራችሁ ቀይና ቢጫ ባንዲራዎች በተተከሉበት መካከል ብቻ፣ ጠባቂ ያለው እዚያ ነው! ባንዲራ የሌለበት ባሕር እግር ማርጠቢያ ነው፣ በቃ!»

ድምጿን ያገኘችው ከሥራዋ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠጠር መንገድ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። ከኋላ የሚንጫጩትን የገበሬ ልጆች ዞር ሳትል፣ በመስታወቱ ብቻ እያየች፣ «መቀመጫህ ላይ!» ስትል አቧራው እንኳ ጸጥ የሚል ይመስል ነበር። ዛሬ እነዚያ ልጆች ሆዳቸው የተቀበተተ ስንዴ አምራቾች ሆነዋል፤ ግን መጠጥ ቤት ውስጥ ድምጿን ከሰሙ ሳያስቡት ቀና ብለው ይቀመጣሉ። ባሏ ሬክስ ሲሞት፣ የተማሪው ቁጥር ተመናምኖ አውቶቡሱም ሲቀር፣ ቤቷ ጭር አለባት። የበጎ ፈቃድ እንግዳ ተቀባዮች የሚለብሱት ሰደርያ የመጣላት ያኔ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ለእሷ ግን ከደመወዝ በላይ ነበር። ጠዋት ተነሥታ የምትቆምበት ቦታ፣ የምትጮህበት ሰው አገኘች።

እንግዲህ የእኛን ሰው አመል ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ርቀት የሚባል ነገር የለም። ግማሽ ቀን ነድቶ ኳስ ተጫውቶ የሚመለስ ሰው «የት ነበርክ?» ቢሉት «እዚሁ ጋ» ይላል። ጎረቤት የምንለው የቤቱ ጭስ የማይታየንን ሰው ነው። ለእርስ በርሳችን ይህ ችግር የለውም፤ ሁላችንም መኪና አለን፣ ሁላችንም ውሸቱን እናውቀዋለን። መርከቦች መምጣት በጀመሩበት ዓመት ግን የመሣሪያና የቀለም ሱቅ ያለው ሜርቭ፣ ካሎዌይ የሚባለውን፣ ነጭ አሸዋ ያለውን የባሕር ዳርቻ ለጠየቁት ሁለት እንግዶች «ቅርብ ነው፣ መንገዱን ይዛችሁ ቀጥ ማለት ነው» አላቸው። እውነት ነው፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ሃያ ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ ነው። በነጠላ ጫማ፣ በጥር ፀሐይ ሄዱበት። ኖሪን በመኪናዋ ስታልፍ መንገድ ዳር ተዘርረው ባታገኛቸው ኖሮ የዝንብ ሲሳይ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሐምራዊ ሰደርያ የለበሰ ሰው «ቅርብ ነው» የሚል ቃል ከአፉ እንዳይወጣ ከለከለች። ሜርቭ ታዲያ ይቀልድባታል።

«ኖሪን፣ ሽንት ቤቱ ቅርብ ነው ማለትስ ይፈቀዳል?»

«በአንተ ዕድሜ እሱም ሩቅ ነው።»

ነገሩ የከረረው በዚህ ዓመት ነው። የአቀባበል ኮሚቴውን የምትመራው ሮስሊን፣ ከድልድዩ ፊት ለፊት የእንግዳ ማረፊያ ያላት ሴት፣ ኖሪንን ቤቷ ድረስ ሄዳ አነጋገረቻት። ሮስሊን ክፉ ሰው አይደለችም። ፊቷ ግን የምሥራች የያዘ ሰው ፊት አልነበረም።

«የመርከቡ ሰዎች ቅሬታ ደርሷቸዋል። አንድ ሁለት አይደለም። ሴትዮዋ እንደ ልጅ ተቆጣችን፣ ገና ሳንወርድ አስፈራራችን ይላሉ።»

«ፈርተው ይመለሱ እንጂ። ሳይፈሩ የሄዱትን ፈልጌ የማመጣው እኔ ነኝ።»

«ኖሪን፣ የኔ እናት፣ እነዚህ ሰዎች ሌላ ወደብ መሄድ ይችላሉ። ዳቦ ቤቱን አስቢ። ኦይስተር የሚባለውን የባሕር ዛጎል የሚሸጡትን አስቢ። የምልሽ ትንሽ ነገር ነው፤ ፈገግ በዪ፣ ካርታ ስጪ፣ ስትጠየቂ አጠር አድርገሽ መልሺ። ስብከት ይቅር። አንድ ቅሬታ ከተጨመረ ግን ሰደርያውን ማስረከብሽ ነው። ኮሚቴው የወሰነው ነው፣ እኔ ብቻዬን አይደለሁም።»

ኖሪን ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ቃል ሳታስተርፍ ትመልስላት ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኗ በሩ ጀርባ በተሰቀለው ሰደርያ ላይ ተተክሎ ቀረ። ያንን ካስረከበች ምን ይቀራታል? ቴሌቪዥን፣ ድመቷና የሬክስ ወንበር። «እሺ» አለች። ሮስሊን ጆሮዋን ተጠራጠረች።

በሚቀጥለው መርከብ ፀሐዩ ከማለዳው ጀምሮ ይፋጅ ነበር። ኖሪን ጉንጯ እስኪዝል ፈገግ ብላ፣ ካርታ ስታድል አረፈደች። ራሱን ያልሸፈነ ሰው ሲያልፍ ምላሷን ነከሰች። ሮስሊን ከጎኗ ጠረጴዛ ላይ ላሚንግተን ኬክ እየደረደረች አንድ ዓይኗን ከእሷ ላይ አላነሣችም።

ከዌልስ የመጡ ሁለት አዛውንት ከጀልባ ወረዱ። ሰውየው ኢቨር ይባላል፤ ረጅም ካልሲ በሰንደል አድርጓል። ሚስቱ ግዌን ቢጫ ሻርፕ አስራለች።

«ካሎዌይ የሚባለው ነጭ አሸዋ ሩቅ ነው እንዴ?» አለች ግዌን። «እኛ እንኳ መራመድ እንወዳለን። ቤታችን ሳለን በየቀኑ ነው የምንራመደው፣ ዝናብ አይመልሰንም።»

ኖሪን አፏን ከፈተች። ስለ ባርኔጣው፣ ስለ ውሃው፣ ከከተማው ዳር ካለው የስንዴ ጎተራ ወዲያ ስልክ እንደማይሠራ፣ ሁሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሮስሊን ቀና አለች። ከኋላ ሰልፉ ተገፋፋ።

«አይ፣ ቅርብ ነው» አለች ኖሪን። «መንገዱን ይዛችሁ ቀጥ ማለት ነው።»

ፈገግታዋም ያምር ነበር። ሮስሊን በደስታ አንድ ላሚንግተን አቀበለቻት፤ ኖሪንም ዋጠችው። የተናገረችውን ነገር ያኔ ልብ አላለችውም። ሰው አዲስ ጠባይ ለመልመድ ሲታገል የሚናገረውን አይሰማም።

ከቀትር በኋላ ሜርቭ በሥጋ የተሞላ ትኩስ ፓስቲ ይዞላት መጣ። «የዛሬ እንግዶችሽ ጀግኖች ናቸው» አለ እየሣቀ። «ሁለት ሽማግሌዎች ጎተራውን አልፈው ወደ ካሎዌይ በእግራቸው ሲሄዱ አየሁ። ጠዋት ነው። ሴትዮዋ ቢጫ ነገር አስራለች። ዛሬ እንኳ እኔ አይደለሁም የላክኋቸው።»

ኖሪን ፓስቲውን እጁ ላይ መልሳ አስቀመጠችለትና የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሷ አወጣች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አለች ሮስሊን። «ታክሲ ጠርተው ይሆናል እኮ። ሌላ ጀልባ እየመጣ ነው፣ ቦታሽን ትተሽ እንዴት...»

«በምን ስልክ ነው ታክሲ የሚጠሩት? እኔ ነኝ የላክኋቸው፣ ሮስሊን። በዚህ አፌ።»

ሮስሊን ሌላም ነገር ተናግራለች፤ ኖሪን ግን የድልድዩን ሳንቃ እያንኳኳች ሩቅ ደርሳ ነበር።

ፒካፗ መስኮቷ አይዘጋም፣ ማቀዝቀዣዋም ከሞተ ቆይቷል። መንገዱ ላይ ከአጨዳ የተረፈ ገለባና ከአስፋልት የሚነሣ ሙቀት ብቻ ነው ያለው። ግራ ቀኝ እያየች ካሎዌይ ደረሰች። አሸዋው ነጭ፣ ውሃው ሰማያዊ፣ የሰው ዱካ የለበትም። «አይሆንም!» አለች ጮክ ብላ፣ እንደ ተማሪ የሚሰማት ሰው ያለ ይመስል። «ዛሬ አንድም ሰው አይቀርብኝም።»

መኪናዋን አዙራ እንደ ዱሮው ማሰብ ጀመረች። ልጅ ሲጠፋባት ምን ታደርግ ነበር? ጥላ ትፈልግ ነበር። በዚያ መንገድ ጥላ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ወደ አንድ ባዶ እርሻ በሚገነጠለው የጠጠር መንገድ ላይ፣ ለባሕር ነፋስ ጀርባውን የሰጠ፣ በቆርቆሮ የተሠራ የአውቶቡስ መጠበቂያ። ከዋናው መንገድ ሲያዩት ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። እሷ ራሷ ስንት ክረምት ልጆች ያነሣችበት ነው፤ ረስታው ስታልፈው!

እዚያው ነበሩ። ኢቨር አግዳሚው ላይ ጋደም ብሏል። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቷል፣ ላብ ግን የለውም፤ ስለ አንድ የሞተ ፈረስ ይቀባጥራል። ግዌን በካርታው ታራግበዋለች። የመኪናውን ድምፅ ስትሰማ ብድግ አለች።

«አውቶቡሱ መጣ?»

ኖሪን ነገሩ ገባት። በእነሱ አገር መጠበቂያ ካለ አውቶቡስ አለ። አምነው ተቀምጠው፣ ከቀረ ስንት ዓመት የሆነውን የእሷን አውቶቡስ ሲጠብቁ ውለዋል።

«መጥቷል» አለች። «ነይ፣ እግሩን ያዢልኝ።»

ግዌን አሁን ገና ሰደርያውን ለየችው። «አንቺ ነሽ! ቅርብ ነው ያልሽን አንቺ ነሽ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ሰው አይደለሽም? ባሌን ልትገድይብኝ ነበር እኮ!»

«ልገድልብሽ ነበር። ስንደርስ የፈለግሽውን ያህል ስደቢኝ፤ አሁን ግን እግሩን ያዢ።»

ሁልጊዜ ፒካፗ ላይ ከምትይዘው የበረዶ ሳጥን ውሃ አውጥታ ሻርፑን አራሰች፤ አንገቱና ብብቱ ላይ አደረገችለት፤ በጥቂት በጥቂቱ አስጎነጨችው። ከዚያ ነዳች። ያ መንገድ እንደዚያ ቀን የተነዳበት ጊዜ የለም። ጎተራው አጠገብ ስልኳ ነፍስ ሲዘራ ድልድዩ ላይ ላለችው ሮስሊን ደወለች፤ «የመርከቡ ሐኪም የመጨረሻዋ ጀልባ ላይ ይጠብቀን፣ ጀልባዋ እኔ ሳልደርስ ንቅንቅ እንዳትል!» አለች። በዱሮው ድምጿ ነው የጮኸችው። ሮስሊንም «እሺ» ከማለት ሌላ አልቻለችም።

ሐኪሙ ጀልባዋ ውስጥ ሆኖ ለኢቨር ግሉኮስ ተከለለት። ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌው ዓይኑን ገለጥ አድርጎ ነጩ አሸዋ የት እንዳለ ጠየቀ። «ይተርፋል» አለ ሐኪሙ። «ትንሽ ቆይታችሁ ቢሆን ግን እንጃ።»

ሮስሊን እጇን እያሻሸች ወደ ግዌን ቀረበች። «በጣም እናዝናለን። ቅሬታ ካለዎት...»

ግዌን ኖሪንን ቁልቁል እስከ ጫማዋ አየቻት። የኖሪን ፊት በአቧራና በላብ ተለውሷል። «ፈልጋን የመጣች እሷ ናት» አለች በመጨረሻ። «ቅሬታ የለኝም።» ጀልባዋም ሄደች።

«አየሽ?» አለች ሮስሊን በእፎይታ። «ተርፏል፣ ይቅርም ብላሻለች። ነገሩ አለቀ።»

«እሷ ቅሬታ ባይኖራት እኔ አለኝ» አለች ኖሪን። ሰደርያውን አወለቀች። ያንን ሰደርያ ትወደዋለች፤ በጥንቃቄ አጣጥፋ ለሮስሊን ዘረጋችላት። «ሐምራዊ የለበሰች ሴት እንግዶችን ዋሽታለች። ቅሬታዬ ይኸው ነው። አንድ ከተጨመረ ታስረክቢያለሽ አላልሽም?»

«ኧረ ተይ እንግዲህ! ልበሺው።»

«ስጮህ ስንቱ ከሰሰኝ። ፈገግ ብዬ ሰው ልገድል ስል ግን ማንም አልከሰሰኝም፣ ላሚንግተን ነው የተሰጠኝ። አልችልበትም፣ ሮስሊን። ያዢው።»

ሮስሊን ሰደርያውን እንደያዘች ቀረች። ኖሪን ባዶ እጇን ድልድዩን ተሻግራ ስትሄድ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድልድዩ ረጅም መሰላት። ያን ምሽት የሬክስ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ የፒካፗን መስኮት መጠገን ጀመረች።

በሚቀጥለው መርከብ ሐምራዊውን ሰደርያ ለብሶ ድልድዩ ላይ የቆመው፣ ሌላ ሰው ጠፍቶ፣ ሜርቭ ነበር። ሆዱ ላይ አልዘጋ ብሎታል። ኖሪን ደግሞ የካሎዌይ መንገድ ከሚጀምርበት ጎተራ ሥር ፒካፗን አቁማ፣ የበረዶ ሳጥኗን ሞልታ፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። መንገዱ የኮሚቴው አይደለም።

አንድ ወጣት ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡ። ባዶ ራሳቸውን ናቸው፣ የያዙት ስልክ ብቻ ነው።

«ይቅርታ እማማ፣ ለካሎዌይ በዚህ ነው?» አለ ልጁ። «ድልድዩ ላይ ያሉት ሰውዬ ቅርብ ነው ብለውን ነበር።»

ኖሪን ከወንበሯ ተነሣች። ወደ ድልድዩ አየች፣ ወደ ነጩ ሰማይ አየች፣ የፒካፗን በር ከፈተች።

«ሩቅ ነው» አለች። «ግቡ። ቀበቶ እሰሩ።»