የሸረፈዲን ጀርባ

ሸረፈዲን እንድሪስ ጀርባው መሬት ነክቶ አያውቅም ነበር። ይህን የምነግራችሁ እኔ ጀማሉዲን ነኝ፤ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ልብስ ሰፊ፣ ትግል ታግዬ የማላውቅ፣ ስለ ትግል ግን ከታጋዮቹ በላይ ያወራሁ ሰው።

ሸረፈዲን ከደሴ ወጣ ብላ ባለችው ገራዶ ድንችና ጎመን የሚያለማ ገበሬ ነው። ቁመቱ እንደ ነገሩ፣ ወሬው ጥቂት፣ አንገቱ ግን የበሬ አንገት። በሰርግም በበዓልም ወንዶች መቀነት ለመቀነት ተያይዘው ሲታገሉ፣ እሱን የገጠመ ሁሉ በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ አይቷል። አባቱ አያ እንድሪስ «የኔ ልጅ ጀርባ ለመኝታ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። ሌላ የሚኮሩበት ነገር አልነበራቸውም፤ መሬታቸው ጠባብ፣ በሬያቸው አንድ ነበር።

ሸረፈዲን ሰኞ ሰኞ አትክልቱን ሸጦ ሲጨርስ ባዶ ጆንያውን እኔ በረንዳ ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ ወዳጅነታችን ከዚያ ይጀምራል። በረንዳዬ ደግሞ የወሬኛ መናኸሪያ ነበረች። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ ሞላ ምላጫቸውን እንደያዙ ይመጡና የድሮ ግጥሚያ ያነሳሉ። «ያንን የኩታበሩን ሰው፣ ገና ላቡ ሳይደርቅ ለሁለተኛ ጊዜ ማስገጠም ምን የሚሉት ፍርድ ነው? የጣለው ታጋዩ አይደለም፤ ግጥሚያ አውጪው ነው!» ሌላው ይቃወማል፣ ሌላው ይምላል። ከሁሉ በላይ የምጮኸው ግን እኔ ነበርኩ። «እኔ ብሆን ኖሮ» የምትለዋ ቃል ከአፌ አትጠፋም ነበር። እገሌን ከእገሌ ማገናኘት አልነበረባቸውም፣ እገሌ መጨረሻ ላይ ነው መውጣት የነበረበት፣ ሕዝቡ የሚፈልገውን አያውቁም እያልኩ ስንቱን ግጥሚያ አውጪ እንዳማሁ አላህ ይወቀው።

አብዮቱ መጣ፣ ቀበሌ መጣ፣ የስፖርት ኮሚቴ መጣ። የአውራጃው ካድሬ ጓድ ወርቅአፈራሁ አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ ቆም ብለው ሲሰሙኝ ቆዩና «ይህን ያህል የምታውቅ ከሆነ በል ግጥሚያውን አንተ አውጣ» አሉኝ። በአንድ ቀን ከሐሜተኛነት ወደ ታሚነት ተዛወርኩ። ደስ አለኝ፤ ደረቴን ነፋሁ።

በ1973 ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ 23፣ የሠራተኞች ቀን በኮምቦልቻ ሜዳ ሊከበር ሆነና የመጨረሻውን ግጥሚያ ሸረፈዲንን ከበላቸው ጋር አወጣሁት። በላቸው የአሰብ መኪና ጭነት የሚያወርድ የመጋዘን ወዛደር ነው፤ ብርቱ ነው፣ ግን ሸረፈዲንን የሚችል አይደለም። ዝርዝሩን ሳሳያቸው ጓድ ወርቅአፈራሁ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ «የሠራተኛው ቀን ነው፤ ቀኑ እንዲያምር።» አለቀ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

እኔ ግን ያቺን ቃል ይዤ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ በየኩርባው አገላበጥኳት። የሠራተኛው ቀን ነው ሲሉ ሠራተኛው ያሸንፍ ማለታቸው ይሆን? በራሱ በዓል፣ በእንግዶች ፊት፣ ገበሬ ወዛደሩን መሬት ላይ ቢዘረጋው ማን ይጠየቃል? ያወጣው ጀማሉዲን። በዚያ ዘመን ሰው የተባለውን ብቻ አይሰማም፤ ያልተባለውንም ይሰማል። ኮምቦልቻ ስንደርስ በልቤ ወስኜ ጨርሻለሁ።

ሸረፈዲንን ከሜዳው ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ጋ ወሰድኩት።

«ሸረፉ፣ ዛሬ ትወድቃለህ» አልኩት።

«ምን ነካህ ጀማሉ?»

«ከላይ ነው የመጣው።»

«ከማን?»

«ከላይ ነው አልኩህ! አትጠይቀኝ።»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። «ወላሂ በል» አለኝ።

«ወላሂ» አልኩ።

እውነት መስሎኝ ነው የማልኩት ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን ደልያለሁ። አልመሰለኝም። ማንም እንዳላዘዘኝ እያወቅሁ ማልኩ። ፈርቼ ነበር፤ ከፍርሃቴም ይልቅ መመስገን ፈልጌ ነበር። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይነዳል።

«አባዬ መጥተዋል እኮ፤ ፊት ተቀምጠዋል» አለኝ ቀስ ብሎ። ድምፁ የልመና ነበር። እኔ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳይል አስምዬው ወደ ሜዳው ነዳሁት።

ግጥሚያው ተጀመረ። ሸረፈዲን በላቸውን ሁለት ጊዜ ከመሬት አንስቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ በእግሩ መልሶ አቆመው። ሕዝቡ ይጮኻል፤ ጨርሰው ይላል። በሦስተኛው ጉልበቱን ለቀቀና በጀርባው ወደቀ። በላቸው ራሱ ግራ ገብቶት እጁን አንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ የማርሽ ባንዱ መምታት ጀመረ። አያ እንድሪስ ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ሽርጣቸውን አራገፉ፣ ልጃቸውን ሳይጠብቁ ወደ መጡበት መኪና ብቻቸውን ሄዱ።

በማግስቱ ምስጋናዬን ልቀበል ቢሮ ገባሁ። «ጓድ፣ ቀኑ አማረ» አልኳቸው።

«የት አማረ?» አሉኝ ጓድ ወርቅአፈራሁ በብስጭት። «ያንን የገራዶውን ሰው ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ላስመርጠው እንግዶች ጠርቼ ነበር። ምን ሆኖ ነው እንዲህ የወደቀው?»

«ደክሞት ይሆናል» አልኩና ወጣሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት እንዲህ ነው፤ እኔ የለቀምኩት ኩበት ግን የነደደው በሰው ቤት ነበር።

ገራዶ «ተሸጠ» አለ። ሰርግ ላይ የሚጠራው ጠፋ፤ የሚገጥመውም ጠፋ። በረንዳዬም ሥራዋን ያዘች። ጋሽ ሞላ ተሽጧል ባይ ናቸው፤ ሌላው ድግምት ነው ይላል፤ ሦስተኛው መጀመሪያውኑ ከበላቸው ጋር መውጣቱ ስሕተት ነበር ይላል። ሸረፈዲን ጆንያውን ሊያነሳ ሲመጣ ይህን ሁሉ ይሰማል። አንድ ሰኞ ጋሽ ሞላ ወደኔ ዞሩና «አንተ ኮሚቴ ነበርክ፤ እስቲ ተናገር፣ ተሽጦ ነው አይደለም?» አሉኝ። ሸረፈዲን ቀና አለ። ጠበቀኝ።

«ጉልበቱ አልቆ ነበር» አልኩ።

ጆንያውን ማጠፍ ቀጠለ። «እውነቱን ነው፣ አልቆ ነበር» አለ። እኔን ሊያድን መሆኑን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ ባይወጋኝም ኖሮ ቀና ብዬ አላየውም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አያ እንድሪስ ሞቱ። ለቅሶ ደረስኩ፣ ሰደቃቸውንም በላሁ። በሳምንቱ ተመልሼ ገራዶ ሄድኩ። ሸረፈዲን ድንች እየኮተኮተ ነበር። ሰላምታውን እንኳ ሳልጨርስ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፤ የካድሬውን ቃል፣ አውቶቡሱ ላይ ያሰብኩትን፣ በሐሰት መማሌን።

«ማንም አላዘዘህም?» አለኝ።

«ማንም።»

«ከላይ አልመጣም?»

«ከኔ ነው የመጣው። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

መኮትኮቻውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈው። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በመታኝ።

«እኔ ለመንግሥት የወደቅሁ መስሎኝ ነበር» አለ። «እሱ ሰው አያዋርድም፤ በዚህ አገር ማን ያልወደቀ አለ? እንዲያ እያልሁ ነው ሁለት ዓመት ራሴን ያቆምሁት። አባዬ በኔ አዝነው ሲያኮርፉኝ ከርመው፣ ሊሞቱ ሲሉ መሐላችንን አፍርሼ በጆሯቸው ነገርኋቸው። 'ታዝዤ ነው አባዬ፣ ከላይ የመጣ ነው' አልኋቸው። እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው 'እንዲያ ከሆነ አፉ ብዬሃለሁ' አሉኝ። እንዲያ ከሆነ ነው ያሉት፣ ጀማሉ።»

መኮትኮቻውን ከመሬቱ ነቀለ።

«አሁን እንዲያ አለመሆኑን ማን ሄዶ ይንገራቸው?» አለኝ።